ምሥጢርን በኅብረት ስለ መፍታት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት የኅብረትን ጥቅም ለማስረዳት ከሚነገሩት ሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ነገር ግን ተረቱ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም የታሰረው በእውነት አንበሳው መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚለው ነው። አንበሳን ለማሰር የበቃ ድር በመንገድ የሚያልፈውንም በግ ለማሰር አያንስምና።

ይህን ጥያቄ የሚያስነሣ ሥራ በዘመናችን በዝቷል። በኢንተርኔት የተገናኙ፥ አብዛኛውን ጊዜም በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፥ ፖሊስ ያልደረሰበትን ወንጀል፥ ባለቤቱ ያልታወቀውን ጽሑፍ፥ ፍቺው የጠፋውን ምልክት እያነሡ በኅብረት ለመፍታት ይደክማሉ። የሚበዙት ደመወዝ የላቸውም፤ አዛዥም የላቸውም። ይህን ሥራ አንዳንዶች የሰው ልጅ አእምሮ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ ነው እያሉ ሲያመሰግኑት፥ ሌሎች ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው እያሉ ይንቁታል። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በጅምላ ስለሚመዝኑት ፍርዳቸው አያረካም። ምሥጢር መፍታት ከሁሉ አስቀድሞ ንባብ ነው፤ ስለዚህም ንባብ በሚመዘንበት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። አንባቢው በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አወጣ ወይስ በራሱ ልብ ያለውን አገባ? ሒስ ለአንድ አንባቢ የሚያቀርበውን ይህን ጥያቄ ለሺህ አንባቢም ከማቅረብ የሚከለክለው ነገር የለም። ለምሳሌ እንዲሆነን በዘመኑ ርዝመትና በፈቺዎቹ ብዛት የታወቀውን አንድ የአሜሪካ አገር ጉዳይ እንመልከት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ክፍል ራሱን «ዞዲያክ» ብሎ የሰየመ ነፍሰ ገዳይ አምስት ሰዎች መግደሉና ሁለት ማቍሰሉ ተረጋግጧል። ይህ ሰው ከሌሎች ወንጀለኞች የሚለየው ሥራውን ደብቆ በመኖር ፈንታ ለጋዜጦች ደብዳቤ እየጻፈ ይፎክር ስለ ነበረ ነው። ጁላይ 31 ቀን 1969 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮና በቫሌሆ ከተማ ለሚታተሙ ሦስት ጋዜጦች አንድ ስውር ጽሕፈት ከሦስት ከፍሎ ላከ። ምልክቶቹ በጠቅላላው 408 ነበሩ። ማንነቱ በዚያ ውስጥ እንዳለና ጋዜጦቹም ካላተሙለት እንደገና እንደሚገድል አስታወቀ።

ይህ የመጀመሪያው ጽሕፈት ዕድሜው አጭር ሆነ። በሳሊናስ ከተማ የሚኖሩ ዶናልድ ሃርደን የተባሉ የትምህርት ቤት መምህርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤቲ ሃርደን በጋዜጣ አይተውት በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ፈቱት። ልንመለከተው የሚገባን የፈቱበትን መንገድ ነው። ወይዘሮ ቤቲ የተነሡት ከቍጥር ሳይሆን ከጸሓፊው ጠባይ ነበር። እንደዚህ ያለ ትዕቢተኛ ሰው ንግግሩን «እኔ» ብሎ ሳይጀምር አይቀርም፤ «መግደል» የሚለውንም ቃል ደጋግሞ ሳይጽፍ አይቀርም ብለው ገመቱ፤ ግምታቸውም ልክ ሆነ። ገዳዩ አንዱን ፊደል በብዙ ዐይነት ምልክት እየለዋወጠ ሊሰወር ቢሞክርም ትዕቢቱን ሊሰውር አልቻለም። ከተፈታ በኋላ የተገኘው ቃል መግደል እንደሚያስደስተው፥ የገደላቸውም ሰዎች ከሞት በኋላ አገልጋዮቹ እንደሚሆኑ የሚናገር እንጂ የተባለውን ስም የያዘ አልነበረም።

ኖቬምበር 8 ቀን 1969 ዓ.ም. የተላከው ሁለተኛው ጽሕፈት ግን እንደ ፊተኛው አልሆነም። 20 መሥመርና 17 ዓምድ፥ በድምሩ 340 ምልክት ያለው ይህ ገጽ 51 ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖረ። የመንግሥት ባለሙያዎችም፥ የሒሳብ ሊቃውንትም፥ ተራ ሰዎችም ሞከሩት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ «ፈታሁት» ያለ ሰው አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቶ ነበር። ብዙዎቹ ፍቺዎች ግን አንድ ዐይነት ሕመም ነበራቸው። ፈቺው አንዱን ምልክት በዚህ መሥመር አንድ ፊደል፥ በሚቀጥለው መሥመር ሌላ ፊደል ያደርገዋል፤ ትርጕም ሲያጣ ፊደል ይጨምራል፤ ሲተርፈው ይቀንሳል፤ በመጨረሻም አስቀድሞ የጠረጠረው ሰው ስም ይወጣለታል። በቅኔ ቤት ወርቁን ከሰሙ ማውጣት ያቃተው ተማሪ ሰሙን እንደ ፈቀደው ቢለውጠው መምህሩ ዝም አይለውም። ፈቺ በየመሥመሩ ሕግ የሚለውጥ ከሆነ የተነበበው ጽሑፉ ሳይሆን የፈቺው ልብ ነው።

በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. ግን እውነተኛው ፍቺ ተገኘ። ያገኙትም በሦስት አገሮች የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዴቪድ ኦራንቻክ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን ይህን ነገር መመርመር የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ሁለተኛው ሳም ብሌክ የተባለው አውስትራሊያዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። ሦስተኛው ያርል ቫን አይከ የተባለው ቤልጂጋዊ በዕቃ መጋዘን የሚሠራ ሰው ሆኖ፥ ስውር ጽሕፈት የሚፈታ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በራሱ ትጋት ያዘጋጀ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሡም። ከእነርሱ በፊት በዚሁ ሥራ ይደክሙ የነበሩ ሰዎች ምልክቶቹን በተራ ከመቍጠር ይልቅ 19 እየዘለሉ ቢቈጥሯቸው ጥንድ ምልክቶች ከአጋጣሚ በላይ እየተደጋገሙ እንደሚገኙ አስተውለው፥ ያስተዋሉትንም ለሁሉ ገልጠው ነበር። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ብሌክ ጽሕፈቱ ሊነበብባቸው የሚችሉትን 650,000 ያህል የአነባበብ መንገዶች አዘጋጀ፤ እነዚህም በቫን አይከ ፕሮግራም ተፈተሹ። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ በአንዱ ላይ ጥቂት የተቈራረጡ ሐረጎች ትርጕም ሲሰጡ ኦራንቻክ አየ። ከዚህ ተነሥተው ሲመረምሩ የአጻጻፉ ሕግ ተገለጠ። ገጹ በሦስት ተከፍሏል፤ ዘጠኝ መሥመር፥ ደግሞ ዘጠኝ መሥመር፥ በመጨረሻም ሁለት መሥመር። በሁለቱ ትላልቅ ክፍሎች መልእክቱ የሚሄደው ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን፥ በሰንጠረዥ ጨዋታ ፈረስ እንደሚራመድ፥ አንድ መሥመር ወደ ታችና ሁለት ዓምድ ወደ ቀኝ እየዘለለ ነው። አንዱ መሥመር 17 ምልክት ስላለው እንዲህ ያለው ርምጃ 19 ምልክት መዝለል ማለት ነው። ስማቸው ያልገነነ ሰዎች አስቀድመው ያስተዋሉት ነገር ምክንያቱ በዚህ ታወቀ።

ይህ ፍቺ ከቀደሙት የሚበልጠው በምንድር ነው? ትርጕም በመስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኞቹም ትርጕም ነበራቸውና። የሚበልጠው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ሕጉ አንድ ነው፤ ከሕጉ የወጣው ቦታም ጸሓፊው ራሱ በሁለተኛው ክፍል ሲገለብጥ የሳተው መሆኑ ከነምክንያቱ ተለይቶ ታይቷል። ሁለተኛ፥ ፍቺው ከራሱ ውጭ ምስክር አለው፤ ገዳዩ በቴሌቪዥን ቀርቦ የተናገረው ሰው እርሱ እንዳልነበረ ይገልጣል፤ በእርግጥም ጽሕፈቱ ከመላኩ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል አስቀድሞ፥ ኦክቶበር 22 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ «ዞዲያክ ነኝ» ያለ አንድ ሰው ለቴሌቪዥን ፕሮግራም በስልክ ተናግሮ ነበር። ሦስተኛ፥ ገነት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያው ጽሕፈት በተሳሳተበት ፊደል በሁለተኛውም ተሳስቶ ተገኝቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ፍቺው ልክ መሆኑን ያረጋገጠው በዚያው ወር ነው። እነዚህን ሁሉ ምስክሮች ሌላ ሰው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሊፈትናቸው ይችላል። የታመነ ንባብ የምንለውም አንባቢው ሳይኖር በራሱ የሚቆመውን ነው።

የተነበበው ጽሑፍ በራሱ ሲመዘን ግን ዋጋ ቢስ ነው። ገዳዩ የመርዝ ጋዝ ሞት እንደማያስፈራው ይፎክራል፤ ከሞት በኋላም አገልጋዮች እንደሚጠብቁት የቀድሞውን ከንቱ ቃሉን ይደግማል። ስም የለም፤ ጸጸት የለም፤ አንድ አዲስ አሳብ እንኳ የለም። «ለዚህ ነው ወይ 51 ዓመት የተደከመው?» ብለው ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። ሐዘናቸው ከንባብ ይልቅ ትርፍ ከመጠበቅ የመጣ ይመስለኛል። የፈቺዎቹ ክብር ያለው በተገኘው ቃል ሳይሆን ባልተጨመረበት ቃል ነው። ሦስቱ ሰዎች ገጹ ስም እንዳልያዘ ባዩ ጊዜ ስም አልፈጠሩለትም። ዓለም በሙሉ የገዳዩን ስም ለመስማት ጆሮውን አቅንቶ ሳለ «የሚለው ይህን ብቻ ነው» ብሎ መቆም ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ይህን ትዕግሥት ሌሎች ሳያገኙት መቅረታቸውን የሚያሳይ ከዚያው ጉዳይ ሌላ ገጽ አለ። በአፕሪል 1970 ዓ.ም. ገዳዩ «ስሜ ይህ ነው» ከሚል ቃል በኋላ 13 ምልክቶች ብቻ ጽፎ ላከ። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ስውር ጽሕፈት እጅግ ሲያጥር ልክ የሚመስል ፍቺ ከአንድ በላይ ይገኝለታል፤ ከእነዚያም መካከል እውነተኛውን የሚለይ ነገር በጽሕፈቱ ውስጥ አይኖርም። 13 ምልክት ደግሞ የብዙ ሰዎችን ስም ያስተናግዳል። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ሊባል የሚገባው እውነተኛ ቃል «ከዚህ ብቻ አይታወቅም» የሚለው ነው። ሆኖም በየጊዜው አንድ ሰው ተነሥቶ የአንድን ሰው ስም ያገባበታል፤ ተከታዮችም ያገኛል። በመጽሐፍና በፊልም ገዳይ ተብለው የተጠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ወንጀል ተከሶ ለፍርድ የቀረበ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ከተጠሩት አንዳንዶቹ ሞተዋልና መልስ ሊሰጡ አይችሉም፤ ልጆቻቸው ግን ይሰማሉ። መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባል፥ ክፉ ስምም እንዲሁ ይውላልና።

ብዙ ሰው ጽሑፍን ማንበብ ትቶ የሰውን ፊት ሲያነብ ምን እንደሚመጣ በቦስተን ከተማ ታይቷል። አፕሪል 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በማራቶን ሩጫው ፍጻሜ ላይ ሁለት ቦምቦች ፈንድተው ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከ260 የሚበልጡም ቈሰሉ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በስፍራው የተነሡትን ፎቶግራፎች ሰብስበው ገዳዩን ለመለየት ተነሡ። አሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ ብዙዎቹ በእውነት ለመርዳት የፈለጉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቦርሳ የያዘውን ሁሉ፥ ዐይኑን ወደ ሌላ ያዞረውን ሁሉ በቀይ ቀለበት እየከበቡ መጠርጠር ጀመሩ። የአንዱ ግምት ለሌላው ማስረጃ ሆነ፤ የሌላው ማስረጃ ለሦስተኛው እርግጠኝነት ሆነ። በመጨረሻም ጠፍቶ ቤተ ሰቡ በጭንቅ ይፈልገው የነበረ አንድ ተማሪ ከወንጀሉ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ገዳይ ተብሎ ስሙ ተበተነ። ወጣቱ በኋላ ሞቶ ተገኘ። ይህ ሁሉ የተባለበት ድርጅት አመራር ቤተ ሰቡን ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው የተገባ ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸውን በሚፈልጉበት ሰዓት ስድብ የደረሳቸውን ወላጆች ያን ሳምንት መልሶ አይሰጣቸውም። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጎፈሬ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጀግንነት ነው።

ይህ ጠባይ በኢንተርኔት የተወለደ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የማይታወቅ ወንጀለኛን ሕዝብ ተሰብስቦ የሚፈልግበት ሥርዐት በብዙ አገር ነበረ። በአገራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል የነበረው የአገሬው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ የሚጠየቅበት ጉባኤ ይኸው ነበር። ተናጋሪው እንዳይታወቅ ሲባል ቃሉ በ«ወፍ» ስም የሚቀርብበት ልማድም ነበር። የጉባኤው ጥቅም ብዙ ዐይን ያየውን ማሰባሰቡ ነው፤ አደጋውም ወፍ በመሐላ የማትያዝ፥ በሐሰትም የማትጠየቅ መሆኗ ነው። የቦስተኑ ሕዝብ የደረሰበት አደጋ ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ ወፎቹ በሺህ መቈጠራቸው፥ ጩኸታቸውም በአንድ ሌሊት ዓለምን መዞሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ የነገሩን ፍሬ ለይተን ለማስቀመጥ እንችላለን። ያው ኅብረት በአንድ ወገን 51 ዓመት የተዘጋ ገጽ የከፈተ፥ በሌላው ወገን ንጹሕ ሰው የወነጀለ ስለ ምን ነው? በሰዎቹ ዕውቀት ማነስና መብዛት ብቻ አይመስለኝም። ጽሑፍ ቢሳሳቱበት ይታገሣል። 340ውን ምልክት ሺህ ጊዜ በሐሰት ቢያነቡት ምልክቶቹ አልተለወጡም፤ እንደ ነበሩ ሆነው እውነተኛውን አንባቢ ቆዩት። ሰው ግን አንድ ጊዜ በሐሰት ከተነበበ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ በጽሑፍ ላይ ግምትን በአደባባይ መሞከር ትጋት ሲሆን፥ በሰው ስም ላይ ግምትን በአደባባይ መሞከር በደል ነው።

«ታዲያ ሕዝብ ያየውን አይናገር ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይናገር እንጂ! በቦስተንም ቢሆን መርማሪዎቹ ሕዝቡን ፎቶግራፍ እንዲያቀርብ ጠይቀው ነበር፤ የቀረበላቸውም ጠቅሟቸዋል። ምስክርነትን ለመርማሪ ማድረስና ፍርድን በገበያ መካከል ማወጅ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊተኛው ዜጋን የሚያስከብር ነው፤ ሁለተኛው ያለ ሥልጣን ዳኛ መሆን ነው።

በኅብረት ማንበብ በሚገባው ሥርዐት ሲመራ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ለማየት የሄርኩላኒዩምን መጻሕፍት እናንሣ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በጣሊያን አገር ይህችን ከተማ ሲቀብር በአንድ ታላቅ ቤት የነበሩትን የፓፒረስ ጥቅልሎች ከሰል አደረጋቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት ከተገኙ በኋላ ሊገልጧቸው የሞከሩ ሰዎች ብዙዎቹን ሰባበሯቸው። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ብሬንት ሲልስ ጥቅልሎቹን ሳይከፍቱ በጨረር ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር የመዘርጋትን ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ኖረው፥ በ2023 ዓ.ም. ጨረሩ ያነሣው ሥዕል ለፈለገ ሁሉ ተሰጥቶ ውድድር ተከፈተ። የውድድሩ ሕግ ሊጠና የሚገባው ነው። ለታላቁ ሽልማት የሚበቃው ሥራ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ተወሰነ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 140 ፊደል ያላቸው አራት ምንባቦች፥ ከፊደሎቹም ከመቶ 85ቱ የሚነበቡ መሆን ነበረባቸው። በመካከል ሽልማት ያገኘ ሰው ዘዴውን ለተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ይገልጥ ነበር። ፍርዱን የሚሰጡትም ተወዳዳሪዎቹ ሳይሆኑ የጥንት ፓፒረስ ማንበብን ሥራቸው ያደረጉ ሊቃውንት ነበሩ።

በኦክቶበር 2023 ዓ.ም. ሐምራዊ ቀለምን የሚያመለክት አንድ የግሪክ ቃል መነበቡ ተገለጠ፤ ያነበበው ሉክ ፋሪተር የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. እርሱና ዩሱፍ ናደር የተባለው ግብፃዊ፥ ጁሊያን ሺሊገር ከተባለው የስዊስ ተማሪ ጋር ሆነው ከ2,000 የሚበልጡ ፊደሎችን አስነብበው የ700,000 ዶላር ሽልማት ተቀበሉ። የተነበበው ስለ ደስታ፥ ስለ ምግብና ስለ ሙዚቃ የሚመራመር የፍልስፍና ጽሑፍ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዝም ብሎ የኖረ አንድ ፈላስፋ ዳግመኛ ተናገረ፤ በዚህም ሥራ ማንም ሰው ስሙ አልጠፋም፤ የማንም ቤት በር አልተደበደበም።

አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ወዳለው ኅብረት ቢመሩ መልካም ነው፤ በክፍል ውስጥ በአንድ ግጥም ዙሪያ ተሰብስቦ መከራከርም የዚሁ መጀመሪያ ነውና። ነገር ግን ከብዛቱ አስቀድሞ ሕጉን ያስተምሯቸው። ልክ የሚባለው ምን እንደ ሆነ ከመጀመር በፊት ይወሰን፤ የተሳሳተውም ሙከራ ለባልንጀራ ይገለጥ፤ የሥራው ፈራጅ ሠሪው አይሁን። መዝገብ የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በፊቱ ያለው ወረቀት ስለ አንድ ሰው የሚናገር በሆነ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ማለቱ ለማስረጃ አይበቃውምና፥ መጀመሪያ ያለው ማን እንደ ሆነና በምን እንዳወቀ ይጠይቅ። መልስ ካጣ መዝገቡን ክፍት አድርጎ ማቆየት ሥራ መፍታት አይደለም፤ 51 ዓመት የቆየውን ገጽ ሐሰተኛ ስም ሳይጽፉበት የጠበቁት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።